የፒያኖው ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው?

ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ኪቦርድ ልትገዛ ነው። አሮጌው አልቆለታል። ስክሪኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ መሃል ላይ ያሉት ሁለት ቁልፎች ካልተደቆሱ አይጮሁም፤ ባለፈው እሁድ ደግሞ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ በሚጸልይበት ሰዓት በራሱ ጊዜ የዲስኮ ምት ለቀቀ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መጋቢያችን አልሳቁም። ማክሰኞ ማታ የግዢ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም አባል ሆንኩ። ከሰባት ዓመት በፊት ይኼንኑ ዕቃ ስንገዛም አባል ነበርኩ፤ «ይገዛ» ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ከሁሉም ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምወቅሰው ሰው ካለ የመጀመሪያው ራሴ ነኝ።

ፕሮቴስታንቶች ነን። አዳራሻችን የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ስብከቱ አይሰማም፤ በጋ ላይ አቧራው የማይገባበት ቀዳዳ የለም። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሰዉ ሀብታም አይደለም። ለዚያ ኪቦርድ የተሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች ብር አለበት፤ ከጫካው ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ብርም አለበት። ይህን እያወቅን ነው ዕቃውን በመብራቱ ብዛት የመረጥነው።

አቋሜን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ዘንድሮ 88 ቁልፍ ያለው፣ ቁልፉ የሚከብድ፣ ከበሮና ቤዝ በራሱ የማይጫወት ዲጂታል ፒያኖ እንግዛ። ሪትም ያለውን ኪቦርድ አንግዛ። የተገዛውንም ሣጥን ውስጥ ከተን አንቆልፍበት።

ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሪትም ያለው የምንለው፣ ሻጮቹ አሬንጀር የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ 61 ቁልፍ አለው፤ አምስት ኦክታቭ መሆኑ ነው። ቁልፉ ሥር ያለው ላስቲክ ወይም ሞላ ነገር ስለሆነ ለጣት ቀላል ነው። በግራ እጃችሁ አንድ ኮርድ ትይዛላችሁ፤ ማሽኑ ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ጊታሩን፣ ቫዮሊኑን ይጨምርላችኋል። አንድ ሰው ባንድ ይሆናል። ዲጂታል ፒያኖው ግን የእውነተኛውን ፒያኖ መዶሻ የሚያስመስል ክብደት ከቁልፉ ሥር አለው፤ ወደ ግራ ሲሄዱ ይከብዳል፣ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ይቀላል። በቀስታ ከነካችሁት በቀስታ ይናገራል፤ ከመታችሁት ይጮሃል፤ ከተዋችሁት ዝም ይላል። ይኼ የመጨረሻው ነገር ዋናው ነው። ሪትም ያለው ኪቦርድ ዝም ማለት አይችልም።

ሰባት ዓመት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሄደው ከበሮ መቺያችን ነው። ማንም አላባረረውም። አንድ እሁድ እሱ ሲመታ ኪቦርዱም ሲመታ ተጋጩ፤ ማሽኑ ስለማይሳሳት የተሳሳተው እሱ ሆነ። ሁለት ሦስት ሳምንት ወንበር ላይ ተቀምጦ አጨበጨበ፤ ከዚያ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቀጥሎ ቤዝ ጊታር የጀመረው ልጅ «ቤዙ ውስጡ አለ አይደል?» ተባለ። እውነት ነው፣ አለ። ጊታሩን ሸጠው። በሁለተኛው ዓመት መድረክ ላይ የቀረነው እኔና ማይክ የያዙ አራት ሰዎች ነበርን፤ ድምፃችን ግን የአሥር ሰው ነበር። ያኔ ይህን ዕድገት ብዬው ነበር።

ከዚያ ዝም ያለው ጉባኤው ነው። አንዲት እናት አሉን፣ ሰማንያን የተሻገሩ። በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ በየቤቱ ተደብቀው ከሚዘምሩት አንዷ ነበሩ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ድምፃቸውን ውጠው። እኚህ ሴት ሲዘምሩ አንድ ስንኝ ልባቸውን ከነካው ይመልሱታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አንዳንዴ አምስቴ። መሃል ላይ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይቀጥላሉ። ድሮ ጊታር የሚይዘው ልጅ ዓይናቸውን እያየ ይጠብቃቸው ነበር። ማሽኑ ግን አይጠብቅም። እሳቸው ሦስተኛው ላይ ሳሉ እሱ አዝማቹን ጀምሯል። መጀመሪያ ሰሞን ይሮጡ ነበር፤ በኋላ ተዉት። አሁን ቆመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ቴምፖውን ዝቅ ባደርገውም ለውጥ የለም፤ ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ሳይሆን አለመጠበቁ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቢያስቀይምም። በዓል ሲሆን ሌሊቱን ከተራራው ወገን የማኅሌት ድምፅ ይወርዳል። እኔ ኦርቶዶክስ አይደለሁም፤ ግን ዳገት ላይ ተወልጄ ጆሮዬን የት ላድርገው? የያሬድ ዜማ በመቋሚያ ዝማሜ ይጀምርና ከበሮው ሲገባ እየጎተተ፣ ቀስ እያለ ነው፤ ከዚያ መረግዱ እየሞቀ እየፈጠነ ሄዶ በጭብጨባው ጽፋት ላይ ይደርሳል። ማን ያፋጥነዋል? ሰዎቹ ናቸው፣ እርስ በርስ እየተያዩ። ምቱ ከሰው ትንፋሽ ይወጣል። የእኛ አገር አምልኮ በየትኛውም በኩል ስታዩት እንደዚህ ነው፦ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይመለሳል። በደቂቃ 92 ተብሎ የታሰረ ምት ይህን የት ያደርገዋል?

«ማሽን ጠላህ እንግዲህ» የሚለኝ አይጠፋም። አልጠላሁም። የዋሊያሱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በሮድስ፣ በሙግ ሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ብቻውን የሠራውን ካሴት ስሙት፤ ማሽኑ እንዴት ሰው እንደሚሆን ታያላችሁ። ግን ኃይሉ መርጊያ ማሽኑ ጋ የደረሰው ጣቱን ከሠራ በኋላ ነው። እኛ ልጆቻችንን ከማሽኑ አስጀመርናቸው።

ወደ ልጅቷ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን ከሚያጸዱት ልጆች አንዷ ናት። ጠርጋ ስትጨርስ «አንዴ ልንካው?» ትለኛለች። ኪቦርዱ የሚቀመጠው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የሣጥኑ ቁልፍ የሚገኘው ደግሞ የንብረት ኃላፊው ጋሼ ኪስ ውስጥ። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን «የእግዚአብሔር ዕቃ ነው፣ ልጆች ያበላሹታል» ይላሉ። እኔ ስኖር ይከፈታል፤ ከሌለሁ አይከፈትም። እንዲህ እየለመነች ሦስት ዓመት ተማረች። በሦስተኛው ዓመት ከእኔ በላይ ትጫወት ነበር፤ ማለቴ፣ እንደዚያ ይመስለን ነበር። እሁድ ልጆች ሲዘምሩ የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ቀይ ቁልፍ ትነካለች፣ ከበሮው ይነሳል፣ ግራ እጇን ሦስት ጣት ታስቀምጣለች፣ ሰው ያጨበጭባል። እናቷ ታለቅስ ነበር።

የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለ ሲባል ያበረታታኋት እኔ ነኝ። አብሬያትም ሄድኩ። ፈተናው በእውነተኛ ፒያኖ ነበር። ደጅ ቆሜ ሰማሁ። ቀኝ እጇ የምታውቀውን መዝሙር ጀመረ፤ ግማሹ ቁልፍ አልጮኸም፣ ጣቷ እስከ ታች አላወረደውም። ግራ እጇ ሦስቱን ጣት አስቀምጦ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም፣ ሦስት ድምፅ ብቻ ጮኸና ሞተ። እንደገና አስቀመጠች፣ እንደገና ጠበቀች። ወጥታ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ግራ እጄ ለካ ምንም አያውቅም።»

አላለፈችም። ጥፋቱ የኪቦርዱ ብቻ ነው አልልም፤ ኖታም አላስተማርኳትም፤ እኔም አልችልማ። ፈታኞቹ ላይም አንድ ቃል የለኝም፤ የሰሙትን ነው የመዘኑት። አሁን መገናኛ የሞባይል ዕቃ ትሸጣለች። እሁድ ትመጣለች፣ ከኋላ ትቀመጣለች። ኪቦርድ ነክታ አታውቅም ከዚያ ወዲህ። እኔ ግን ሒሳቡን መሥራት አልተውኩም፦ በሦስት ዓመት ውስጥ የተማረችው በትክክለኛው ክብደት ቢሆን፣ ግራ እጇም ለብቻው መሄድ ቢለምድ? ያለችን አንዲት ፒያኖ የምትወድ ልጅ ነበረች። መንደራችን ውስጥ ፒያኖ ያለበት ቤት የለም። የሙዚቃ ትምህርት ክፍያ የሚችል ወላጅ የለም። ከእንጦጦ ሥር እንደኛ ዓይነት ቤት ለተወለደ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ያለው መሣሪያ ብቸኛው መሣሪያ ነው። ስንገዛ የምንገዛው ለእሁድ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ለዚያ ልጅ ስድስት ቀን መሆን ነበረበት።

«ፒያኖ የፈረንጅ ነው፤ የእኛን ዜማ አይዝም» የሚለው ክርክር ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነስቷል። የሚገርመው፣ ያነሱት ሰዎች ሊገዙ የፈለጉት ባለ ሪትሙን ነው፤ እሱ የአምሐራ ሳይንት ሥራ ይመስል! ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ ካይሮ ሄደው ከኮንቶሮዊች ሥር አጠኑ፤ ከዚያ ሁሉንም ትተው ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ያስቀረጿቸው ሸክላዎች የበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበሩ። በ2023 ኢየሩሳሌም አረፉ። የኦርቶዶክስ መነኩሲት ናቸው፤ ለእኛ ወገን ልመዝግባቸው አይደለም፤ እሳቸው ባሉበት ቤተ ክርስቲያንም ፒያኖ ቅዳሴ ውስጥ አይገባም። ግን አጨዋወታቸውን ስሙት። አንዱን ድምፅ ያቆዩታል፣ ቀጣዩ ይመጣል ስትሉ ዘግይቶ ይመጣል፣ ከዚያ ሦስት አራቱ ተከታትለው ይፈስሳሉ። የትኛውም ሪትም ቁልፍ አብሯቸው መሄድ አይችልም። በዚያው በፈረንጅ መሣሪያ ነው አገርኛውን ያወጡት፤ ያወጡትም በጣት ክብደትና በመጠበቅ ነው።

ስለ ቅኝት ግን ተቃዋሚዎቼ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ልሰጣቸው። ፒያኖ ኦክታቩን እኩል ለአሥራ ሁለት ይከፍላል። ትዝታና ባቲ ብዙም አይቸገሩም፤ አንቺሆዬ ላይ ግን ድምፃዊ የሚነካው ቦታ አንዳንዴ ከሁለት ቁልፍ መሃል ነው። ውድ የሆኑት አሬንጀሮች አንድ አንዱን ድምፅ ዝቅ ከፍ ማድረጊያ አላቸው። ጥሩ። በሰባት ዓመት ውስጥ የእኛ ላይ ያንን ሜኑ ስንት ጊዜ ከፈትነው? አንዴም። መኖሩን ያወቅኩት ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ይኼኛውንም እሰጣለሁ። ትንንሾቹ ኪቦርዶች በባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ አብዛኛው ዲጂታል ፒያኖ አይሠራም። መብራት በጠፋ ቀን ሰው በአፉና በእጁ ይዘምር፤ እኚያ እናት ያን ቀን ምን እንደሚሆኑ አሳያችኋለሁ።

«ወጣቱ ይሸሻል» ለሚለው መልስ የለኝም፤ ምክንያቱም ወጣቱ ሪትሙ እያለም ሸሽቷል።

እሺ፣ ይገዛ ተባለ እንበል። እንዴት ነው የሚመረጠው? የመጀመሪያውን ጊዜ እኛ እንዴት እንደመረጥን ልንገራችሁና አታድርጉት። ሻጩ አንድ ማሳያ ዘፈን ለቀቀልን። ማሽኑ ራሱ ሲጫወት ቆመን ሰማን፤ ማናችንም እጃችንን አላሳረፍንበትም። «ስንት ድምፅ አለው?» ብለን ጠየቅን፤ ብዙ መቶ አለን። ደስ አለን። ከእነዚያ ድምፆች ውስጥ በሰባት ዓመት የተጠቀምነው አራቱን ነው። ዲጂታል ፒያኖ ዐሥር ድምፅ ብቻ ቢኖረው አይክፋችሁ፤ አንደኛው ፒያኖ ጥሩ ከሆነ ይበቃል። ማሳያውን አስጠፉና ዝም ባለ ዕቃ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። አንዱን ቁልፍ ድምፅ ሳይወጣው እስኪቀር በጣም በዝግታ ተጫኑት። ያ የሚሆንበት ዕቃ ልጅ ያስተምራል።

ከኋላው ያለውን ቀዳዳም እዩ፤ እዚህ ላይ ብዙ ቤተ ክርስቲያን ይሸወዳል። ለምሳሌ የያማሃ ፒ 45 ለቤት ደስ የሚል ዕቃ ነው፤ ግን ድምፅ ማውጫው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከሚክሰር ጋር በዚያ ካገናኛችሁት የራሱ ስፒከር ይዘጋል፤ ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማው ከአዳራሹ ስፒከር ብቻ ይሆናል። ፒ 125 እና የሮላንዱ ኤፍፒ 30 ኤክስ ለሚክሰር የሚሆን የተለየ መውጫ አላቸው። ሻጩ «ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም።

ደግሞ አስማሚው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ቢልክላችሁ እግዚአብሔር ይስጠው በሉና አስማሚው ላይ የተጻፈውን በባትሪ መብራት አንብቡ። አንዳንዱ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ከዓመታት በፊት የተላከልንን የድምፅ ዕቃ በሙሉ ጉባኤ ፊት አጭሰነዋል፤ የሰካሁት እኔ ነበርኩ። ፔዳሉም ይግባ፤ ያለ ፔዳል ፒያኖ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው። አቧራውን የሚከለክል ጨርቅ ልበሱለት፤ ነጠላ ይበቃል።

ዋጋው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጥቷል። ይኼ ማለት ለእኛ ዓይነት ቤተ ክርስቲያን የሚቀጥለው ግዢ ምናልባት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ አምስት ዓመት የሆነችው ልጅ ያኔ አሥራ አምስት ትሞላለች። በጀቱ ለጥሩ አሬንጀር አይበቃም፤ ለርካሹ ነው የሚበቃው። ለደህና ዲጂታል ፒያኖ ግን ትንሽ ብንጨምር ይደርሳል። ያንን ትንሽ የሚጨምረው ደግሞ አዲስ ሊገዛ የታሰበው የመድረክ መጋረጃ ነው ብዬ አሳስቤያለሁ። መጋረጃውን የሚደግፉት ሰዎች ሰላምታ ቀንሰውብኛል።

ጋሼን ግን ለብቻቸው አነጋገርኳቸው፣ ደጃቸው ድረስ ሄጄ።

«ጋሼ፣ የሣጥኑን ቁልፍ ይስጡን» አልኳቸው።

«ዕቃው ገና አልተገዛም።»

«ሲገዛ ማለቴ ነው። ሣጥን አይኑረው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለልጆች ክፍት ይሁን፤ ስም እየጻፉ ግማሽ ግማሽ ሰዓት።»

«ቢሰበርስ?»

«በሰው እጅ ተነክቶ ይሰበር። ያኛው እኮ ማንም ሳይነካው ነው የሞተው።»

ቡናቸውን ጠጡ። «ልጅቷ ግን ለምን ተወች?» አሉ በመጨረሻ። ስለ ግራ እጇ ነገርኳቸው። ለካ ማንም አልነገራቸውም ነበር። ቁልፉን አልሰጡኝም፤ «እጸልይበታለሁ» ነው ያሉት። የጸሎት ሰው ስለሆኑ ይህን ማምለጫ ብዬ አልተረጎምኩትም።

ሐሙስ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሱቅ የሚሄደው ማን ይሁን ተባለ። ሦስት ሽማግሌዎችና እኔ። ልጅቷ ትጨመር አልኩ። ጸሐፊው «የኮሚቴው አባል ናት እንዴ?» አለኝ። አይደለችም አልኩ። ከሁላችንም ግን ዕቃው ላይ ስህተቱን በጣቷ የምታውቀው እሷ ናት። ትንሽ ዝም ተባለ፤ «ትሂድ» ያሉት ጋሼ ናቸው።

ማታ ደወልኩላት። መጀመሪያ አይሆንም አለች፤ ሥራ አለብኝ፣ ቅዳሜ ገበያ ነው አለች። ቆይታ ደግሞ «ክብደት ያለው ነው የምታዩት?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት መገናኛ ታክሲ ተራው ጋ ተቀጣጥረናል፤ ጥፍሯን ቆርጣ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ።